ሲስተር አሰለችና የአያ ሰውአገኝ ሙሾ

ሲስተር አሰለች ወደ አንድ መንደር ብቅ ስትል መጀመሪያ የሚያያት ውሻ ነው፤ ቀጥሎ የቅሬው ዳኛ። ውሻው ይጮኻል። የቅሬው ዳኛ፣ ማለትም የሌላ አገር ሰው እድር የሚለው ማኅበር አለቃ፣ ምንም ሳይናገር ሄዶ የለቅሶው ድንኳን ካስማ አለመጉደሉን ያያል። ይህን የሚያወሩት ቀልደኞች ናቸው፤ እሷም ራሷ ምሳ ቤት ስትቀመጥ እየሳቀች ታወራዋለች። ነገር ግን ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። አንዳንዱ ቤተሰብ በጓሮ በኩል እንድትገባ ይለምናታል። አንዳንዱ ነጩን ጋዋን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ እንድትከተው ይልክባታል። አንዲት ሴትዮማ ለጎረቤቶቿ "የባሌ የእኅቱ ልጅ ናት፤ በግ ልትገዛ ነው የመጣችው" ብላ ስለነበር፣ አሰለች ጨዋታውን ላለማበላሸት ግማሽ ሰዓት ሙሉ የበግ ላት ስትዳብስ ቆይታለች።

ሥራዋ በወረቀት ላይ "የቤት ለቤት የማስታገሻ ክብካቤ" ይባላል። በአፍ ሲነገር ግን ሐኪም ቤት "እንግዲህ ቤትህ ግባ" ብሎ የመለሰውን ሰው የምታስታምመው ሴትዮ ናት። አብዛኞቹ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። ከላሊበላ ተነሥታ መንገዱ እስከፈቀደ ድረስ በባጃጅ፣ ከዚያ በኋላ በእግሯ ትጓዛለች። ወፈር ያለች፣ ሳቋ ከወንዝ ማዶ የሚሰማ፣ የአርባ ስድስት ዓመት ሴት ናት። ጥላዋንና የላስቲክ ጫማዋን ሳትይዝ አትወጣም። የገባችበት ቤት የቀረበላትን ሁሉ ትበላለች፤ እህል የማይቀምስ ሐኪም አይታመንም ባይ ናት። ክፉ ሰዎች ግን ለሆዷ ያመካኘችው ነው ይላሉ።

ተወልዳ ያደገችው ኩልመስክ አጠገብ ነው። ነርስነት ተምራ አሥራ ሁለት ዓመት የሠራችው ማዋለጃ ክፍል ነበር፤ ከላሊበላ ወጣቶች ግማሾቹን በእግራቸው ይዤ ዘቅዝቄያቸዋለሁ ብላ ትፎክራለች። ከዚያ ያወጣት የአባቷ ሕመም ነው። አባቷ በጉበት ነቀርሳ አራት ወር ሲማቅቁ፣ እሷ ነርስ ሆና፣ ልጃቸው ሆና፣ ከፓናዶል በቀር በእጇ የምትይዘው አልነበራትም። መሞታቸው አይደለም የሚያንገበግባት፤ ሰው ሁሉ ሟች ነው። እየጮኹ መሞታቸው ነው። ስለዚህ የማስታገሻ ሕክምና የሚባል ሥልጠና መምጣቱን ስትሰማ ማንም ሳይጠይቃት እጇን አወጣች። ከሞቱ አሟሟቱ የሚለው ለሌላው ሰው ተረት ነው፤ ለእሷ የሥራ መደብ ሆነ።

አያ ሰውአገኝን ያገኘቻቸው ዓምና በኅዳር መጀመሪያ ነው። ቤታቸው ከአሸተን ማርያም ተራራ ጀርባ፣ ወይራ አምባ በምትባል ጎጥ ነው። ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ነው፤ የቆየ ታሪክ የሚያወሩ ዕለት ደግሞ ሰማንያ አራት ይሆናል። የያዛቸው ነቀርሳ ከታች ተነሥቶ ወደ ወገባቸው አጥንት ከወጣ ቆይቷል። ከተማ ያሉት ሐኪሞች አይተው፣ ፎቶ አንሥተው፣ በትሕትና ወደ ቤታቸው መለሷቸው። አያ ሰውአገኝም ለባለቤታቸው ለእማማ ሰብሌ ያመጡት ወሬ አንድ ብቻ ነበር፤ ሐኪሞቹ ጨዋ ልጆች ናቸው፣ ሊነግሩኝ አፍረው መሬት መሬት ሲያዩ እኔው አጽናናኋቸው አሉ።

የመጀመሪያው ዕለት አሰለች ከአልጋው ጎን በርጩማ ስባ ተቀመጠች። የሚያማቸውን ቦታ ጠየቀች፣ ወገባቸውን ዳሰሰች፣ እግራቸውን አየች። ከዚያ እንደ ልማዷ ከሁሉም በላይ የሚያሳስብዎት ምንድን ነው አለቻቸው። ይህን ስትጠይቅ አንዳንዱ ስለ ልጁ፣ አንዳንዱ ስለ መሬቱ፣ አንዳንዱም ስለ ኃጢአቱ ያነሣል። አያ ሰውአገኝ ግን እንዲህ አሉ።

"አንድ ቀን ስጪኝ፣ ልጄ። ከረፋድ እስከ ማታ፣ ሳያመኝ፣ ሳላንቀላፋም።"

"ለምን ፈለጉት?"

"ሙሾዬን ልሰማበት።"

አሰለች በሥራዋ ብዙ ነገር ሰምታለች፤ ይህን ግን አልሰማችም ነበር። ነገሩን አጣርታ የነገረቻት እማማ ሰብሌ ናት። አያ ሰውአገኝ የቁም ተዝካራቸውን ሊያወጡ ቆርጠዋል። ሰው ከሞተ በኋላ ዘመድ የሚያወጣለትን ተዝካር ራሱ በሕይወቱ ሳለ፣ ድሀውንና ካህኑን ጠርቶ፣ በገዛ ዐይኑ እያየ የሚያበላበት ልማድ ነው። ይህስ በአገሩ ያለ ነው፤ ማንም አይደነቅም። አያ ሰውአገኝ ግን ከላዩ አንድ ነገር ጨመሩበት። በዚያው ቀን ይማርሽ ሙሾ እንድታወርድላቸው ይፈልጋሉ።

ይማርሽ የአገሩ ስመ ጥር አልቃሽ ናት። ወይራ አምባ ላይ እሷ ያላለቀሰችለት ሰው እንዳልተቀበረ ይቆጠራል። አያ ሰውአገኝ ደግሞ ለአርባ ዓመት የእሷ ሙሾ መርማሪ ነበሩ። ለቅሶ ቤት ጥግ ይዘው ይቀመጡና እሷ ግጥሟን ስትደረድር ጆሯቸውን ጥለው ያዳምጣሉ። ሰው ሁሉ እንባውን ሲጠርግ እሳቸው አጠገባቸው ወዳለው ሰው ጠጋ ብለው "ሁለተኛዋ ቤት አልመታችም" ይላሉ። በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ ከለቅሶ ቤት እንዲወጡ ተጠይቀዋል። አሁን የሚያንገበግባቸው አንድ ሐሳብ ነው፤ እኔ ስሞት የማይገጥም ግጥም ብታወርድብኝ ማን ያርማታል?

ይማርሽ ጥያቄው ሲደርሳት በቁጣ ነደደች። ለቋሚ ሰው ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው፤ አፌን በዚህ አላበላሽም ብላ መልእክተኛውን መለሰችው። አያ ሰውአገኝ አልተከፉም። እሷን ለእኔ ተዪያት፤ አንቺ ጭንቅላቴንና ወገቤን ብቻ አስተካክዪልኝ አሏት አሰለችን።

አሰለች እሞክራለሁ አለች። ቃል አልገባችም፤ በማይሆን ነገር በሽተኛ አታባብልም። ሞርፊኑን በትንሹ ጀመረች። መድኃኒቱ ፈሳሽ ነው፤ መርፌው በተነቀለ ሲሪንጅ እየተለካ በአፍ ይሰጣል፤ ከመምረሩ የተነሣ አያ ሰውአገኝ መጀመሪያ ሲቀምሱት ኮሶ ለካ ማር ነው ብለዋል። በቀን አምስት ጊዜ ነው፤ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ረፋድ አራት፣ ከቀኑ ስምንት፣ ምሽት አሥራ ሁለት፣ ከመኝታ በፊት አራት። ለሆድ ድርቀቱ ደግሞ ተልባ አዘዘች። እማማ ሰብሌ ሰዓቱ እንዳይዛነፍባት አሰለች በባለ ቁልፍ ስልኳ ላይ የሚያስታውስ ድምፅ ሞላችላት። ከነበሩት ድምፆች ውስጥ እማማ ሰብሌ የመረጠችው የዶሮውን ጩኸት ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የግቢው አውራ ዶሮ በሰማው ቁጥር ይመልስ ነበር።

ሁለት ሳምንት ያህል ነገሩ ሰመረ። አያ ሰውአገኝ ደጅ ወጥተው ፀሐይ ሞቁ፣ የጎረቤቱን አጥር አጣጣሉ፣ ደኅና ሰው መሰሉ። ተዝካሩም ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ እንዲሆን ተቆረጠ። ከዚያ የነቢያት ጾም ገባ።

ጾሙ ከገባ ወዲህ አሰለች በሄደች ቁጥር የምታገኛቸው ጥርሳቸውን ነክሰው ነው። ላብ በግንባራቸው ይንቆረቆራል፤ ጨዋታ ሊጀምሩ ይሉና መካከል ላይ ይተዉታል። ጠርሙሱን ታያለች፤ ልክ ነው፤ መጉደል እስካለበት ድረስ ጎድሏል። አንዱንም ሳያስቀሩ ይወስዳሉ ወይ ትላለች። አምስቱንም፣ አንዲት ጠብታ ሳይጎድል ይላሉ። እማማ ሰብሌም በማርያም ስም ትምላለች። ማታ ማታስ ስትላት፣ ማታማ እንደ ድንጋይ ነው የሚተኛው፣ ቢጠሩትም አይሰማ ትላታለች። አሰለች በስልክ ሐኪሙን አማከረች፤ ሐኪሙ መጠኑን ከፍ እንድታደርግ ነገራት፤ ከፍ አደረገች። ጠዋቱ እንደዚያው ሆነ፤ ምሽቱ ጭራሽ ባሰ። ከጠዋት እስከ ከሰዓት በሕመም፣ ከዚያ በኋላ በእንቅልፍ ካለፈ፣ ተዝካሩን ማን ሊያየው ነው? ሙሾውንስ ማን ሊሰማው ነው? አሰለች ከአሸተን ቁልቁለት ስትወርድ ራሷን ትሰድብ ጀመር። አንድ ቀን ጠየቁኝ፣ አንዲት ቀን አቃተኝ እያለች።

ያዳናት የባጃጅ መጥፋት ነው። የገና ሰሞን ላሊበላ በምእመናን ስትጥለቀለቅ የትም የሚሄድ ባጃጅ አይገኝም፤ ከተገኘም ሰባት ሰው ከነስንቁ ተጭኖበታል። አሰለች እንደ ወትሮው በረፋድ ልትደርስ ያሰበችበት ቤት፣ መንገዱን ሁሉ በእግሯ ተጉዛ፣ ላቧ በጀርባዋ እየወረደ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አያ ሰውአገኝ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው አማተቡ። ከዚያ እማማ ሰብሌ ያቀረበችላቸውን ኩባያ አነሡ። ኩባያው ውስጥ ያለው የአንድ ጊዜ መድኃኒት አልነበረም።

አሰለች እንዴት ከበሩ አልጋው ዘንድ እንደደረሰች አታስታውስም። ኩባያውን ከእጃቸው ነጠቀች። እሳቸውም ተገርመው አዩዋት እንጂ አልደነገጡም። የንጋቱን፣ የረፋዱንና የስምንት ሰዓቱን አንድ ላይ ነው የምጠጣው፤ ጾም አይደለም እንዴ ብለው በቀስታ አስረዷት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በአፋቸው ምንም አይገባም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደግሞ የቀረው ሁሉ ይከፈላል።

"እግዜርንም አልሰረቅሁ፤ አንቺንም አልሰረቅሁ" አሏት።

አሰለች በርጩማው ላይ ዘጭ አለች። በዚያ መጠን ሦስቱን ባንዴ እየጠጡ አንድ ማታ ትንፋሻቸው ቀስ እያለ ተቋርጦ ሊቀር ይችል ነበር፤ እማማ ሰብሌም አልጋው ሥር ተቀምጣ ባሌ ደኅና ተኛልኝ ትል ነበር። አሰለች ጥፋቱ የራሷ እንደሆነ ወዲያው ገባት። አምስቱንም ይወስዳሉ ወይ ብላ ጠየቀች እንጂ መቼ መቼ ብላ አልጠየቀችም። እሷው ራሷ የላስታ ልጅ ሆና፣ እሷው ራሷ በዚያች ሰዓት ጾመኛ ሆና፣ ሕመምተኛ ይጾማል ብላ አለማሰቧ አሳፈራት።

አባብላ አየች፤ ተቆጥታ አየች፤ አልሆነም። ለሕመምተኛ ጾም የለም ስትላቸው፣ እሱን የሚለው የነፍስ አባት እንጂ ነርስ አይደለም አሏት። ስለዚህ በማግስቱ የነፍስ አባታቸውን ቄስ ሰይፈ ሥላሴን ይዛቸው መጣች። ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ገብተው መስቀላቸውን አሳለሙና ከዛሬ ጀምሮ ጾሙን ፈትቼልዎታለሁ አሏቸው።

አያ ሰውአገኝ አመሰገኑ። "ነገር ግን አባ፣ ሰባ ዓመት የጾምሁትን በሩ ላይ ስደርስ ልግደፈው? እዚያ ስገባ ምን ብዬ ልመልስ? እርስዎ ቢፈቱልኝ እኔ አልፈታም።"

አሰለች ተስፋ ቆረጠች። የነፍስ አባቱን ያልሰማ ሰው ማንን ይሰማል? ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ግን ሽበታቸውን አሻሹና ሴቶቹን ወደ ደጅ ውጡ አሏቸው። ቀጥሎ የሆነውን አሰለች የሰማችው ከግድግዳው ውጭ ነው፤ ሆን ብላ አይደለም፤ ግድግዳው ስስ ነው።

ቄሱ መጀመሪያ መድኃኒት ከታዘዘው ውጭ ሦስት አጣምሮ መጠጣት ነፍስን ለአደጋ መስጠት እንደሆነ አስረዱ። ይህ ሳያውቁ የተሠራ ቢሆንም ኃጢአት ነው አሉ። አያ ሰውአገኝ ደነገጡ፤ ይህን አላሰቡትም ነበር። ኃጢአት ከሆነ ደግሞ ንስሐ ያስፈልገዋል፤ ንስሐ ካለ ቀኖና አለ።

"ቀኖናዎ ይህ ነው" አሉ ቄስ ሰይፈ ሥላሴ። "ከዛሬ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞትዎ በየሰዓቱ መድኃኒቱን ይጠጣሉ። ንጋት፣ ረፋድ፣ ቀትር፣ ምሽት፣ ማታ። በጠጡ ቁጥር አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ። አንዱን ያስታጎሉ እንደሆነ ቀኖናውን እንዳፈረሱ ይቆጠራል።"

"እህሉስ?"

"እህሉን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጹሙት፤ ከፈለጉ። የመድኃኒቱ ምሬት ለሥጋዎ ደስታ አይሰጥም መቼም።"

አያ ሰውአገኝ ጾም ለመፍታት እምቢ ያሉትን ያህል ቀኖና ለመቀበል ፈጣን ሆኑ። ቄሱ ሲወጡ አሰለች እጃቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። እሳቸው ግን ፊታቸው ሳይፈታ፣ አንቺም ሁለተኛ የሰው ጾም ሳታውቂ መድኃኒት አትስጪ ብለዋት ቁልቁለቱን ወረዱ። ልክ ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ አሰለች የምትሞላው ቅጽ ላይ "ጾመኛ ነዎት?" የሚል ጥያቄ በእጅ ጽሑፍ ተጨምሯል። ከላይ ለቁጥጥር የመጣው ሰውዬ ይህ ምንድን ነው ቢላት ከሁሉ የሚቀድመው ነው አለችው።

መጠኑ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ከሦስት ቀን በኋላ አያ ሰውአገኝ ያጣጣሉትን አጥር እንደገና አጣጣሉ። የስልኩ ዶሮ በጮኸ ቁጥር "ቀኖናዬ ደረሰ" ብለው አፋቸውን ይከፍታሉ። እማማ ሰብሌ ምጣድ ላይ ሆና ብትዘገይ እንኳ ይቆጧታል፤ ነፍሴን ልታስኮንኚ ነው እያሉ። ገናን በደስታ ዋሉ። ጥምቀትንም በሰው ትከሻ ተደግፈው ታቦት ሸኙ።

ተዝካሩ በቅዳሜው ወጣ። ዳሱ ከቤቱ ፊት ለፊት ተጣለ። ካህናቱ ጸሎታቸውን አደረሱ፤ ድሀው ቀድሞ በላ፤ ከዚያ ጎረቤቱ፣ ከዚያ ዘመዱ። አያ ሰውአገኝ ባለመደገፊያ ወንበር ላይ፣ ከጀርባቸው ሁለት ትራስ ተደርጎላቸው፣ አዲስ ጋቢ ለብሰው በዳሱ መካከል ተቀምጠዋል። እንጀራውን አገላብጡት፣ ለዚያች አሮጊት ጨምሩላት፣ የማን ልጅ ነህ፣ በላህ እያሉ ሁሉን ያያሉ። አሰለች ከጓዳው አጠገብ ተቀምጣ የእሳቸውን ግንባር ታያለች፤ ላብ የለም። ዐይናቸውን ታያለች፤ ንቁ ነው። ሆዷ እስኪሞላ በላች፤ ለወራት ያልበላች ይመስል። ደስ ብሏት ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ሰው ጠግቦ ጨዋታው ሲደራ አያ ሰውአገኝ ይማርሽን በስሟ ጠሯት። ሁሉም የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር። ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ሙሾን አጥብቀው ይገስጻሉ፤ ስለዚህ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በቅሎዬን ውኃ ላጠጣ ብለው ወጡ። በቅሎ የላቸውም።

ይማርሽ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ፣ ነጠላዋን በአፏ ላይ አድርጋ፣ አይሆንም አለች። ሟርት ነው፤ እንደዛሬ ባለ ደስ ባለ ቀን አታስለፍልፉኝ አለች። ሰዎች ለመኑ፤ አይሆንም። እማማ ሰብሌ ለመነች፤ አይሆንም። አያ ሰውአገኝ ግን አልለመኑም። እንግዲያው ለራሴ እኔው አለቅሳለሁ አሉና ድምፃቸውን አንሥተው፣ የለቅሶ ዜማውን ይዘው ጀመሩ።

ሰውአገኝ ደጉ ሰው፣ እጅግ ጥሩ ነበር፣
አሁን ግን ሞቶብን አዝነናል በጣም።

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ይማርሽ ብቻ አልሳቀችም። ፊቷ ጥርሷን እንዳመማት ሰው ተኮማተረ። አያ ሰውአገኝ ሌላ፣ ከፊተኛው የባሰ ሊቀጥሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ብድግ አለች።

"ይተዉ፣ አያ ሰውአገኝ፣ ሰው ይታዘበናል" አለች። ነጠላዋን ዝቅ አድርጋ ወገቧ ላይ አሰረችና መካከል ገባች።

እርሻውን አረሰ፣ ጎተራውን ሞላ፣
ሰውአገኝ ሲለየን ማን ሊጠጣው ጠላ?

ሰው አጨበጨበ። አያ ሰውአገኝ ግን እጃቸውን አነሡ። ቤት መምታቱን መታ አሉ፤ ጠላውም እውነት ነው፤ ጎተራው ግን ከየት መጣ? "ጎተራዬ አንድ ቀን ሞልቶ አያውቅም። ውሸቱ ለሬሳ ነው፤ እኔ ገና እሰማለሁ።"

በዚህ መካከል የእማማ ሰብሌ ስልክ እንደ ዶሮ ጮኸ። ስምንት ሰዓት ሆኗል። አሰለች መድኃኒቱን ለክታ አቀረበች፤ አያ ሰውአገኝ ጨለጡት፤ አቡነ ዘበሰማያታቸውንም ሳይቸኩሉ ደገሙ። ሦስት መቶ ሰው ሙሾውን አቁሞ ጠበቃቸው። ይማርሽ በዚያ ሁሉ ጊዜ ቆማ እሳቸውን ትመለከት ነበር። ምን እንዳየች እንጃ። የውሸት ሙሾ የማይወዱትን ሰው አየች፤ ወይም የአንድ ሽማግሌ ትከሻ አየች። እኚህ ሰው ወይራ አምባ ላይ ሰው በታመመ ቁጥር ቃሬዛውን ከፊት በቀኝ በኩል የሚያነሡ ነበሩ፤ በሽተኛውን ወደ ሐኪም ቤት፣ ሟቹን ወደ ቤተ ክርስቲያን ለሃምሳ ዓመት ተሸክመዋል። የይማርሽን ባልም እሳቸው ናቸው ያነሡላት። እንደገና ስትጀምር ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፤ የጨዋታው ሙቀት ከላዩ ወጥቶ ነበር።

ቃሬዛ ተሸክሞ ያልደከመው ጫንቃ፣
ለኛ ትቶት ሸክሙን ዛሬ ይረፍ በቃ።

ማንም አላጨበጨበም። አያ ሰውአገኝ ራሳቸውን አጎንብሰው ቆዩ። አሰለች ሕመሙ የተነሣባቸው መስሏት ከተቀመጠችበት ተነሣች፤ ግን ሕመም አልነበረም። በጋቢያቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ። በአርባ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ይማርሽን የሚያርሙበት ነገር አጡ።

"ይህስ ገጠመ" አሉ።

ከዚያ በኋላ ሙሾው ወረደ እንጂ ማን ያቆመዋል። ይማርሽ አንድ ሰዓት ሙሉ ያላትን ሁሉ አወጣች፤ የወጣትነት ፉከራቸውን፣ የሞተባቸውን ልጅ፣ ከእማማ ሰብሌ ጋር የተጋቡበትን ዓመት፣ ከለቅሶ ቤት የተባረሩባቸውን ሁለቱን ጊዜያት ሳይቀር። እሳቸው አንዱ ላይ ይስቃሉ፣ አንዱ ላይ ያለቅሳሉ፣ አንዱን ድገሚው ይላሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ራሳቸው በቃ አሉ። ያን ቀን ማታ አሰለችን እጇን ይዘው፣ ቀኗን ሰጠሽኝ አሏት ብቻ።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አሥራ ሦስት ቀን ኖሩ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት አሰለች ከወይራ አምባ አልወረደችም። መዋጥ ሲያቅታቸው መድኃኒቱን በምላሳቸው ሥር በጠብታ ትሰጣቸው ነበር፤ አቡነ ዘበሰማያቱን በእሳቸው ፈንታ እማማ ሰብሌ ትደግማለች። ዐርብ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ በበሩ ገብታ አልጋው እግር ስትደርስ፣ አንድ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፤ ሌላ አልደገሙም። ፊታቸው ላይ የተኮማተረ ነገር አልነበረም። አሰለች ሰዓቷን አይታ ጻፈች፤ እጃቸውንም አስተካከለች።

ቀብሩ በነጋታው ሆነ። አገር መጣ። ሬሳው ከመነሣቱ በፊት ሰው ሁሉ ክብ ሠርቶ ቆመ። ይማርሽ እንደ ልማዷ ወደ መካከል ገባች፤ ሴቶቹ ሊቀበሏት ተዘጋጁ። እጇን ዘረጋች፤ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከረች። ዞር ብላ ሬሳውን አየች። ሁሉንም ሰምቶታል፤ አርሞታል፤ ምን የቀረ አለ? ያቺ ድፍን ላስታን ያስለቀሰች ሴት በክቡ መካከል እንደማንኛዋም ሴት ፊቷን በእጇ ሸፍና ያለ አንዳች ግጥም አለቀሰች።

ሰው ግራ ተጋባ። ያለ ሙሾ እንዴት እንደሚለቀስ የሚያውቅ አልነበረም። የቅሬው ዳኛ መሬት መሬት አየ። በዚህ ጊዜ እማማ ሰብሌ ከዘመዶቿ መካከል ወጥታ ወደ ይማርሽ ቀረበች። በዕድሜዋ አንድም ግጥም ገጥማ አታውቅም። ባሏም አርሟት አያውቅ፤ ጆሮ የላትም ብሎ ትቷት ነበር። የይማርሽን ትከሻ ያዘችና ለሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

"አላመመውም" አለች። "ሲሄድ አላመመውም።"

ግጥም አይደለም፤ ቤትም አይመታም። ሴቶቹ ግን ተቀበሏት። አላመመውም አሉ፤ ደረታቸውን እየመቱ፣ ወዲያና ወዲህ እያሉ፣ አላመመውም፣ አላመመውም እያሉ አገሩን አናወጡት። ወንዶቹም ቃሬዛውን አንሥተው ሲጓዙ ይህንኑ ይሉ ነበር። ከሁሉም በላይ ጎልቶ የሚሰማው የአሰለች ድምፅ ነበር፤ ዜማውን ስታ፣ ከሌሎቹ ወደ ኋላ እየቀረች፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ድረስ።